ተንሸራታች የቁምሳጥን በር ሲከብድ፦ ሮለር እንዴት ይቀየራል

ስትገፉት የሚያንቋርር፣ መሀል ላይ ደርሶ የሚያንቅ ወይም አንድ ጥጉ ወርዶ ጎኑ ላይ የሦስት ማዕዘን ክፍተት የሚያሳይ የቁምሳጥን በር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አዲስ ሮለር ነው። ሥራው ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ነው፤ የላላ ቀዳዳ በኮላ የሚሞላ ከሆነ ግን ሌሊቱን ያድራል። መፍታቱና መግጠሙ ቀላሉ ክፍል ሲሆን ጊዜ የሚበላው ልኩን ሮለር ፈልጎ ማግኘት፣ ሐዲዱን ማጽዳትና የላላውን የብሎን ቀዳዳ ማዳን ነው። አሮጌውን የበላው ምክንያት ሳይነካ አዲስ ቢገጠም አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

እዚህ ሮለር የምንለው ጎማውን ከነቤቱ፣ ማለትም ጎማውን ከያዘው አቃፊ ጋር፣ ነው። ጎማ የምንለው የምትሽከረከረዋን ክብ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ስም ስለሚደባለቅ ስትገዙ በእጅ ማሳየት ይሻላል።

ከመፍታት በፊት በሩን አዳምጡ

በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ አንሸራቱ። በእኩል ርቀት «ጧ… ጧ» የሚል ከሆነ ጎማው አንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ይህ የሚመጣው ጎማው መዞሩን ትቶ ሲጎተት ነው። ያስቆመውም ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ክርና ፀጉር ነው። የጋቢና የነጠላ ዘርፍ፣ የምንጣፍ ክር፣ በዓል ሲመጣ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ሳይቀር ታችኛው ሐዲድ ውስጥ ገብቶ በጎማው እየተደፈጠጠ ይጠነክራል።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያንቅ ከሆነ ሮለሩን አትክሰሱት፤ ሐዲዱ እዚያ ቦታ ላይ ተጎድቷል ወይም ከወለሉ ተነሥቷል። የሚያፏጭ ድምፅ የዛገ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ወይም የደረቀ ዘንግ ምልክት ነው። በሩ ከላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዝ ከሆነ የላይኛው መሪ (የበሩን ጫፍ ሐዲዱ ውስጥ የሚይዘው ቁራጭ) ተሰብሯል። ጥጉ ድንገት የወረደ በር ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የከፍታ ማስተካከያው ብሎን ላልቷል፣ አለዚያም የሮለሩ ብሎኖች ከቺፑዱ ተነቅለዋል። የመጀመሪያውን በካቻቢቴ አንድ ሁለት ዙር በማዞር ታርሙታላችሁ፤ ምንም መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ቀጥሎ ክብደቱ የት እንዳረፈ እዩ። የስልካችሁን መብራት ከታች አብሩ። ጎማው ወለል ላይ ባለው ሐዲድ ጉብታ ላይ ከተቀመጠና ከላይ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የብሩሽ መሪ ብቻ ከሆነ በሩ ከታች የሚሽከረከር ነው። ጎማዎቹ ከላይ ሐዲድ ውስጥ ገብተው በሩ ከነሱ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ታች ያለውም ቁራጭ መሪ ብቻ ከሆነ፣ የተንጠለጠለ ነው። የአልሙኒየም ፍሬም ያላቸውና መስታወት የለበሱት በሮች አብዛኞቹ ከታች የሚሽከረከሩ ስለሆኑ የምንዘረዝረው በዋናነት ስለነሱ ነው።

የበሩ ክብደት

ይህን ሳያውቁ በሩን ማንሣት አደጋ ነው። መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 4 ሚ.ሜ መስታወት በካሬ 10 ኪሎ ማለት ነው። 18 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ በካሬ 13 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ቺፑድ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ቁመቱ 2.20 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳ.ሜ የሆነ በር ሁለት ካሬ ገደማ ነው፤ በኤምዲኤፍ 26 ኪሎ፣ ኤምዲኤፉ ላይ 4 ሚ.ሜ መስታወት ከተለጠፈበት 46 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ክብደት በሁለት ሮለር ላይ ይከፈላል፤ በሩ ሲያዘነብል ግን እኩል አይከፈልም፣ አንዱ ሮለር ብዙውን ይሸከማል። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የተቀየረው ሁልጊዜ ያው አንዱ ጥግ ሆኖ የምታገኙት።

የሚያስፈልገው

ባለ መስቀል ጫፍና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ ከተገኘ ካሊፐር፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች (4 እና 5 ሚ.ሜ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ)፣ ውሃ ልክ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ኮላ፣ ስቴኪኒ፣ ፕላስተርና አሮጌ ብርድ ልብስ። ለሁለት በር ቁምሳጥን 4 የታች ሮለርና 4 የላይ መሪ፣ ለሦስት በር 6 እና 6 ያስፈልጋል። የተበላሸችው አንዷ ብቻ ብትሆንም በአንድ በር ላይ ያሉትን ሁለቱንም ቀይሩ። አሮጌዋ ስለተበላች ከአዲሷ ታጥራለች፤ በሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ እሷ ያዘነብላል።

ማውረድ

1. ቁምሳጥኑን ከፊት ለፊት አጽዱ፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ወለል ይኑራችሁ። ብርድ ልብሱን ግድግዳው ሥር አንጥፉ። መስታወት ካለበት ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀል ፕላስተር ለጥፉበት። ፕላስተሩ መሰበሩን አያስቀርም፣ ቢሰበር ስባሪው እንዳይበተን ግን ይይዛል።

2. መጀመሪያ የሚወርደው ወደ እናንተ የቀረበው የፊተኛው በር ነው። ወደ መሀል አምጡት፤ ጫፍ ላይ ከማቆሚያ ጋር ይጋጫል።

3. ብዙ ሮለሮች በሩ ከሐዲድ እንዳይዘል የሚይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አላቸው። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ገፍታችሁ አስለቅቁት። ይህን ሳያዩ በጉልበት የሚያነሡ ሰዎች ምላሱን ሰብረው ይጨርሳሉ።

4. የከፍታ ማስተካከያውን ብሎን (ብዙ ጊዜ ወደ ግራ) በማዞር በሩን ዝቅ አድርጉ። ብሎኑ በጎኑ ፍሬም ታች ባለች ቀዳዳ ውስጥ ወይም በበሩ ጀርባ ታች ጥግ ላይ ነው። ዓላማው ከላይ በሩ የሚገባበት ክፍተት ማግኘት ነው።

5. አንድ ሰው በግራ፣ አንድ ሰው በቀኝ ሆኖ በሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይኛው ሐዲድ ውስጥ አንሡ። ታችኛው ጠርዝ ከጉብታው ሲላቀቅ የታቹን ብቻ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ከዚያ በሩን ወደ ታች አውርዱ። የላዩን ቀድሞ መሳብ አይቻልም፣ ብትሞክሩም ሐዲዱን ታጣምማላችሁ።

6. መስታወት ያለበትን በር አስተኝታችሁ አትሸከሙ፤ በራሱ ክብደት መሀሉ ይለምጥና ይሰነጠቃል። በቁሙ ወስዳችሁ እግሩን ከግድግዳው 20 ሳ.ሜ ያህል አርቃችሁ አስደግፉት። ማስተኛት ግድ ከሆነ ፍራሽ ላይ ይሁን።

አሮጌውን መለካት

በዓይን ግምት የተገዛ ሮለር ብዙ ጊዜ አይገባም። አንድ ሚሊ ሜትር የወፈረ ቤት እንኳ ፍሬሙ ውስጥ አይገባም። ሮለሩን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ የትኛው ጎኑ ወደ ውጭ እንደሚያይ ስትገጥሙ ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ፍቱትና እነዚህን ለኩ፦

የጎማው ዙር ከዳር እስከ ዳር (ከታች ለሚሽከረከሩ ብዙ ጊዜ በ20 እና በ40 ሚ.ሜ መካከል ነው)። ጎማው ስለተበላ ያላረጀውን ሮለር ለኩ፤ ሁለቱም ካረጁ ከተለካው 1 ወይም 2 ሚ.ሜ ጨምሩ።

የጎማው ጠርዝ ቅርጽ። ጉብታው ክብ ከሆነ ጎማው እንደ ሳህን የጎደጎደ፣ ጉብታው ሹል ከሆነ ጎማው ባለ ስለት ቦይ፣ ሐዲዱ ቦይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ሙሉ ክብ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠርዙ ያልገጠመ ጎማ ይገባል፣ ይሽከረከራል፣ ግን በሁለት ከንፈሩ ብቻ እያረፈ ሐዲዱን ይፍቀዋል።

የቤቱ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ፤ በተለይ ስፋቱ። ከዚያ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከመሀል እስከ መሀል ያላቸው ርቀት። በመጨረሻ ማስተካከያው ሙሉ በሙሉ ሲወጣና ሲገባ ያለው ልዩነት፤ ብዙዎቹ ከ8 እስከ 12 ሚ.ሜ ይሄዳሉ።

ስድስቱንም ቁጥር በወረቀት ጻፉና ሮለሩን ከማስመሪያ አጠገብ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከላይ ፎቶ አንሡ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካልተገኘ በቴሌግራም መርካቶ ለሚያውቁት ሰው ልኮ በአውቶቡስ ማስመጣት የተለመደ ነው፤ ያለ ልክ የተላከ ፎቶ ግን ሁለት ጊዜ የመንገድ ክፍያ ያስከፍላል።

የት ይገኛል፣ ምን ይገዛል

መጀመሪያ የፈርኒቸር መለዋወጫ የሚሸጡትን የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች፣ ቀጥሎ አልሙኒየም ቤቶችን ጠይቁ። አልሙኒየም ቤቶች ዘንድ የተንሸራታች መስኮት ሮለር አይጠፋም፤ መልኩም ይመሳሰላል። በቀጭን የአልሙኒየም ፍሬም ለተሠራ ቀላል በር ሊሆን ይችላል። 40 ኪሎ ለሚመዝን ኤምዲኤፍና መስታወት ግን አትግዙት፤ ቤቱ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፣ ይጣመማል። እሽጉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ካያችሁ ለአንድ ሮለር ነው ወይስ ለጥንዱ ብላችሁ ጠይቁ። ለ46 ኪሎ በር እያንዳንዱ ሮለር ቢያንስ 35 ኪሎ የሚችል ይሁን።

ከጎማ ዓይነት ናይለን ባለ ኩሽኔታውን ምረጡ። ኩሽኔታ የሌለው ፕላስቲክ በዘንጉ ዙሪያ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ ርካሽ ነው፣ ዕድሜውም እንደ ዋጋው ነው። የብረት ጎማ ጠንካራ ቢሆንም የአልሙኒየም ሐዲድን ይበላል፤ ሮለር ለማዳን ሐዲድ መጣል አያዋጣም።

ልኩ ፈጽሞ ካልተገኘ ቤቱን አትጣሉት። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ከናይለን ዘንግ አዲስ ጎማ ማስቀረጽ ይቻላል። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተቀርጿል፦ 608 ከሆነ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚ.ሜ ነው፤ 626 ከሆነ 6 በ19 በ6፤ 625 ደግሞ 5 በ16 በ5። እነዚህ የዓለም ልክ ናቸው፤ ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ ቁጥሩን መንገር ይበቃል። ጎኑ በላስቲክ የተሸፈነውን ጠይቁ፣ አቧራ አያስገባም።

የላላ ቀዳዳ

ደሴ ላይ በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ልብስ እንኳ በወጉ አይደርቅም። ቺፑድ ደግሞ ጠርዙ ካልተሸፈነ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ፍርፋሪ ሆኖ ይቀራል። ወለል በወለወላችሁ ቁጥር ሐዲድ ሥር የሚገባው ውሃ ሥራውን ያግዘዋል። ስለዚህ ብሎኖቹ በእጅ የሚነቀሉ ሆነው ብታገኟቸው አይግረማችሁ፤ አዲስ ሮለር እዚያው ቀዳዳ ላይ መምታት ግን ዋጋ የለውም።

ቀዳዳው ብቻ ከላላ ፍርፋሪውን ጠርጋችሁ ስቴኪኒዎችን ኮላ ነክራችሁ እስኪጠብቅ ጠቅጥቁበት። ትርፉን በጠርዙ ልክ ቁረጡ። ኮላው በደንብ እስኪይዝ ሌሊቱን ይደር፤ በደሴ ብርድ ኮላ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ኮምቦልቻ ላይ ፈጠን ይላል። ከዚያ 2 ሚ.ሜ በሆነ መብሻ አዲስ ቀዳዳ አውጡና 3.5 በ16 የእንጨት ብሎን እሰሩበት። 18 ሚ.ሜ ጣውላ ላይ ከጀርባ ለሚታሰር ከ16 የረዘመ ብሎን አትጠቀሙ፤ ፊት ለፊት ሊወጣ፣ መስታወት ካለ ሊሰብረው ይችላል። ድሪል ካላችሁም የመጨረሻውን ዙር በእጅ አጥብቁ፤ ቺፑድ ውስጥ ብሎን አንዴ ባዶ ከዞረ ያ ሁሉ ልፋት መና ቀረ።

የቤቱ ቦታ ከፈቀደ ሮለሩን 3 ወይም 4 ሳ.ሜ ወደ መሀል አስጠግቶ ያልተነካ እንጨት ላይ ማሰርም ጥሩ መላ ነው። ሁለቱንም ሮለር በእኩል አስጠጉ። የታችኛው ጠርዝ ዳር እስከ ዳር አብጦ ከሆነ ግን ኮላና ስቴኪኒ አያድነውም። ያበጠውን 6 ወይም 7 ሳ.ሜ አስቆርጣችሁ በምትኩ ደረቅ የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ ቅጥያ በኮላና በብሎን አስገጥሙ፤ ቅጥያውን ከታች በኩል ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት። ይህ የአናጺ ሥራ ነው፣ መጋዝ የማትይዙ ከሆነ እዚህ ላይ ገንዘብ አውጡ።

የአልሙኒየም ፍሬም ያለው በር ሮለሩ በታችኛው አግዳሚ ጫፍ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚያስረውም በጎኑ ፍሬም ያለፈ ብሎን ነው። የግራውን ጨርሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ የቀኙን ፍቱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከፈታችሁ አግዳሚው ይወርድና መስታወቱን ይለቀዋል።

ሐዲዱ

ሁለቱም በሮች ሳይመለሱ ሐዲዱን ጨርሱ። በጥርስ ብሩሽ ቆሻሻውን ፍቁ፣ ጠርጉ፣ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ወልውሉና አድርቁ። የቆየ ግራሶ ካለ በነጭ ጋዝ በነከረ ጨርቅ ይለቃል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል ወይም ሻማ አጠገብ አትሥሩ። ከዚያ ጥፍራችሁን ጉብታው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱ። ጥፍር የሚያደናቅፍ ትንሽ ጭረት በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የተጣመመ ከንፈር በፒንሳ ይቀናል፤ በፒንሳውና በሐዲዱ መካከል ቁራጭ እንጨት አድርጉ፣ ያለዚያ ጥርሱን ይተውበታል። ጉብታው በግልጽ ከተበላና ከጠፈጠፈ ሐዲዱን ቀይሩ፤ አልሙኒየም ቤት በልክ ይቆርጡላችኋል።

ቀጥሎ ክር ከዳር እስከ ዳር ወጥራችሁ ሐዲዱ መሀሉ ሰምጦ ወይም ተነሥቶ እንደሆነ እዩ። ውሃ ልክም አስቀምጡበት። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ወለላቸው ወደ አንድ ወገን ይወርዳል፤ በሙሊት አፈር ላይ ያረፈ ክፍል ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይሰምጣል። በሩ ራሱን ችሎ የሚከፈት ወይም የሚዘጋ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ሐዲዱ ሥር የሰመጠውን ቦታ በቀጭን ፕላስቲክ ቁራጭ ሙሉ። ካርቶን አታድርጉ፣ እርጥበት ሲያገኘው ይሟሟል። ቁምሳጥኑ በጠቅላላ ካዘነበለ ግን እግሩን ነው ማቅናት።

መግጠምና ማስተካከል

አዲሱን ሮለር ጎማው ወደ ሐዲዱ በትክክል መመልከቱን በፎቶው አመሳክራችሁ እሰሩ። ማስተካከያውን ሙሉ በሙሉ አስገቡት፤ በሩ ዝቅ ብሎ ካልተነሣ ላይኛው ሐዲድ ውስጥ አይገባም። የላይ መሪዎቹንም አሁን ቀይሩ። አሁን የኋለኛው በር ይቅደም፦ የላዩ ይግባ፣ ወደ ላይ ግፉ፣ ታቹን ከጉብታው በላይ አምጡና ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ጎማዎቹ ሁለቱም መቀመጣቸውን በስልክ መብራት አረጋግጡ፤ አንዱ ብቻ የተቀመጠ በርም ለጊዜው ይንቀሳቀሳልና።

በሩን ከቁምሳጥኑ ጎን ግድግዳ ጋር አስጠጉት። ክፍተቱ ከላይ ከሰፋ በዚያ ጎን ያለው ሮለር ከፍ ብሏል፣ ከታች ከሰፋ ዝቅ ብሏል። ማስተካከያውን በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር አዙሩ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ በሩን አንዴ አንቀሳቅሱት፤ ጎማው ቦታውን ካልያዘ የምታዩት ልክ አይደለም። ስታዞሩ ረዳታችሁ በሩን በትንሹ ያንሣ፤ 20 ኪሎ ተጭኖበት የሚዞር ብሎን ጥርሱ ይበላል። የበሩ ታችኛው ጠርዝ ከሐዲዱ 5 ሚ.ሜ ያህል ከፍ ይበል። የላይኛው መሪ ደግሞ ሐዲዱ ውስጥ ቢያንስ 8 ሚ.ሜ ገብቶ ይቅር፤ ከዚያ ካነሰ ልጆች ሲገፉት በሩ ሊወጣ ይችላል። በመጨረሻ የፕላስቲክ ምላሱን መልሱ። በጣም የሚረሳው ይህ ነው።

ሐዲዱን ዘይት አትቀቡት። የምግብ ዘይት፣ የመኪና ዘይት፣ ግራሶ፣ ቫዝሊን፣ ሁሉም ለአንድ ሳምንት ያንሸራትታል፤ ከዚያ አቧራውን ይዞ ሊጥ ይሆናል። የኮምቦልቻ አቧራ ላይ ደግሞ ሳምንትም አይቆይም። የተሸፈነ ኩሽኔታ ምንም አይፈልግም። ኩሽኔታ የሌለው ጎማ ከሆነ ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጋችሁ የተረፈውን ጥረጉ። የላይኛውን መሪ ሻማ ብትቀቡት ይበቃዋል።

በሩ የተንጠለጠለ ከሆነ

ቅደም ተከተሉ ይለያል። አንድ ሰው በሩን ከታች በቁራጭ እንጨት ደግፎ ይያዝ፤ ሌላው ከላይ የመቆለፊያውን ዳዶ በ10 ወይም በ13 ቁጥር ቁልፍ አላልቶ ማንጠልጠያውን ያላቅቅ። በሩ ከወረደ በኋላ ጎማዎቹ ከሐዲዱ ጫፍ ወይም ለዚሁ ከተተወ ክፍት ቦታ ይወጣሉ። ጫፉ በማቆሚያ ከተዘጋ መጀመሪያ ማቆሚያው ይፈታ፤ ያለበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከገጠማችሁ በኋላ ዳዶውን አጥብቁ፣ ሮንዴላው ከጠፋ ተኩት፤ ያለ ሮንዴላ የታሰረ ዳዶ በሩ በተገፋ ቁጥር በጥቂቱ ይላላል።

ከሳምንት በኋላ ሁሉንም የሮለር ብሎኖች አንዴ ፈትሹ። በሩ አሁንም በአንድ ጎን ብቻ ከተጋጨና ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ከሄደ ሮለሩን መልሳችሁ አትፍቱ። የቁምሳጥኑን ሁለት የመስቀል ርቀት ለኩ፦ ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ፣ ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ። ልዩነቱ ከ5 ሚ.ሜ ከበለጠ የተጣመመው ቁምሳጥኑ ነው። ባዶ አድርጋችሁ በወረደው ወገን እግሩ ሥር የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ እያስገባችሁ ሁለቱ ርቀቶች እስኪቀራረቡ አንሡት፤ ጀርባውንም ሁለት ቦታ ላይ ከግድግዳው ጋር በፊሸር እሰሩት።